የቦረና ቱላ ጉድጓዶች

ቱላ በኦሮሚያ ክልል ደቡባዊ ጫፍ፣ በቦረና ምድር የሚገኙ ጥልቅ የእጅ ጉድጓዶች መጠሪያ ነው። ቦረናዎች ዘጠኝ የቱላ ሰፈሮችን ይቆጥራሉ፤ በአንድነት «ቱላ ሰልገን» ይሏቸዋል። ዱብሉክ፣ መልባና፣ ዌብ፣ ጋዮና ዳስ ከታወቁት መካከል ናቸው። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር የቦታዎቹ እንጂ የጉድጓዶቹ አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ብቻ በርካታ ጉድጓዶች ይገኛሉ።

አካባቢው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ብርቁ ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይጥላል። በዝናብ ወራት ከብቱ የሚጠጣው በየሜዳው ከተጠራቀመው ኩሬ ነው፤ ቱላዎቹ በዚያን ጊዜ ይዘጋሉ። ኩሬው ሲደርቅ መንጋው መጀመሪያ «አዳዲ» ወደሚባሉት ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች፣ በመጨረሻም ወደ ቱላ ይመጣል። የከርሰ ምድሩ ውሃ የሚነካው ሌላው ሲያልቅ ነው። በዚህም ውሃው ብቻ ሳይሆን በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣርም ያርፋል።

የመጀመሪያዎቹን ቆፋሪዎች ማንነት የሚተርከው አፈ ታሪክ ነው። ከቦረና በፊት በምድሩ የኖረ ሕዝብ ቆፈራቸው የሚል ትረካ አለ። ይሁን እንጂ ለብዙ ትውልድ እየጠረገ፣ ሲደረመሱ መልሶ እየቆፈረ ያቆያቸው ቦረና መሆኑ አያጠራጥርም። አካባቢው በአፄ ምኒልክ ዘመን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላም የጉድጓዶቹ አስተዳደር በገዳ ሥርዓት እጅ ቆየ።

የአንዳንዱ ጥልቀት እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ከብቶቹ በገደል መካከል በተቆረጠ ረጅም ተዳፋት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ መጠጫው «ናኒጋ» የሚባል በጭቃ የተሠራ ገንዳ ነው። ከገንዳው በታች ደግሞ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወጣቶች በግድግዳው ላይ በተጋደሙ እንጨቶችና በተፈለፈሉ መርገጫዎች ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ፤ ጥልቁ ጉድጓድ ከአሥር ሰው በላይ ይፈልጋል። ውሃው ከእጅ ወደ እጅ «ኦኮሌ» በሚባል ባልዲ ይወጣል፤ ባዶው በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ኦኮሌው ጥንት ከቀጭኔ ወይም ከጎሽ ቆዳ ይሰፋ ነበር፤ ዛሬ በፕላስቲክ ተተክቷል። ምቱን የሚጠብቀው ዜማ ነው፤ ዜማው ከተሳተ ኦኮሌው ይወድቃል። በውጭ ሰዎች ዘንድ «ዘፋኞቹ ጉድጓዶች» የተባሉትም በዚህ ነው። ስሙ ያምራል፤ ሆኖም ሥራው ከማለዳ ጀምሮ ለሰዓታት የሚዘልቅ ከባድ ጉልበት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ጉድጓዱን የቆፈረ ወይም የተደረመሰውን መልሶ ያወጣ ሰው «አባ ኮንፊ» ይባላል፤ ማዕረጉም በአባት ወገን ይወረሳል። ቁፋሮው ለብዙ ወራት ስለሚዘልቅ ለቆፋሪዎቹ ከብት እያረደ የሚያበላ እሱ ከነጎሳው ነው። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥቶም ውሃውን መሸጥ አይችልም፤ የሚጠጣ ሰው አይከለከልም። የዕለቱን ሥራ የሚመራው «አባ ሄሬጋ» ነው። የማን መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ይወስናል፤ በበጋ ከብት በየሦስተኛው ቀን ይጠጣልና ተራው ጥብቅ ነው። ገንዳው መጠገኑን፣ እበቱ መጠረጉን፣ እያንዳንዱ ባለከብት የድርሻውን ጉልበት ማዋጣቱንም ይከታተላል። ተራ የሰበረ ሰው በጉድጓዱ ጉባኤ፣ በ«ኮራ ኤላ» ይዳኛል። በየስምንት ዓመቱ በጋዮ የሚሰበሰበው የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮም የውሃና የግጦሽ ሕጎችን ይመረምራል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ የውሃ ሕግም አብሮ ክብር አግኝቷል ማለት ይቻላል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሶርዱ በሚል ምህፃረ ስም የሚታወቀው የመንግሥት የግጦሽ መሬት ልማት ድርጅት በቦረና ትላልቅ ኩሬዎችን በማሽን አስቆፈረ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ውሃ በመጥፋቱ ብቻ ሳይጋጥ የቆየውን ሜዳ ለከብት መክፈት። ነገር ግን ለዝናብ ወራት ብቻ ይውል የነበረው ሣር ዓመቱን ሙሉ መጋጥ ጀመረ፤ ሰውም በኩሬዎቹ ዙሪያ ሰፈረ። ሽማግሌዎቹ ውሃና ሣርን ለይተው አስበው አያውቁም ነበር፤ የፕሮጀክቱ ዋና ድክመትም ሁለቱን መለየቱ ነው። በኋላ የመጡት በሞተር የሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የብዙ ሰው ጥም አርክተዋል፤ ሆኖም ነዳጅና መለዋወጫ ሲጠፋ ይቆማሉ። የእርዳታ ድርጅቶች በአንዳንድ ቱላዎች ላይ ያሠሩት የሲሚንቶ ገንዳና የግድግዳ ድጋፍ ግን አሮጌውን ሥርዓት ሳይነካ ድካሙን ቀንሷል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ብዙው ያለቀው በሣር እጦት ነው፤ የቱላ ውሃ ለተዳከመ ከብት ብቻውን አይበቃም። ከባድ ዝናብ ሲመለስ ደግሞ ጎርፍ ተዳፋቱን ይዞ ይገባና ጉድጓዱን በደለል ይሞላዋል፤ ከብቱ ያለቀበት ጎሳ ለቆፋሪ የሚያርደው አይኖረውም።

በመንግሥት ሕግ ረገድ፣ የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ የእጅ ጉድጓድ ለመቆፈርና ለመጠቀምም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ስለዚህ ባለ ሞተሩ ጥልቅ ጉድጓድ በፈቃድ ሲተዳደር፣ ቱላው ዛሬም በአባ ኮንፊና በአባ ሄሬጋ እጅ ነው።