ቦሱ የሚሸነፈው ጎራዴ ስለማይችል አይደለም

ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ አልሞት ያለ ወሬ አለ። «አክተሩ (የፊልሙ ጀግና) ጎራዴ ይችላል፣ ቦሱ (ክፉው ባላንጣ) አይችልም፤ ለዚህ ነው የሚሸነፈው።» የመድረክ ፍልሚያ በማስተምርበት ክፍል ሁሉ ይቺን እሰማለሁ። ሰለቸችኝ።

እ.ኤ.አ. የ1938ቱን የሮቢን ሁድ ፊልም እንውሰድ። አክተሩ ኤሮል ፍሊን፣ ቦሱ ባዚል ራትቦን። መጨረሻ ላይ ራትቦን ይሞታል። ካሜራው ሲጠፋ ግን ጎራዴ አዋቂው እሱ ነበር። ፍሊን ስለ ፌንሲንግ (የጎራዴ ግጥሚያ ስፖርት) ብዙ እንደማያውቅ ራሱ አምኗል። ራትቦን ግን ከቤልጂየማዊው መምህር ከፍሬድ ካቨንስ ጋር ይለማመድ ነበር። ያም ሆኖ ፊልም ላይ በ1935 በፍሊን እጅ ሞተ፤ በ1938 አሁንም በፍሊን እጅ፤ በ1940 ደግሞ በዞሮ ፊልም በታይሮን ፓወር እጅ።

ለምን? አሳምሮ መሸነፍ ከባድ ስለሆነ ነዋ! አክተሩ ቆንጆ ሆኖ መታየት አለበት። ርቀቱን ቢያዛባ፣ ምቱን ቢረሳ፣ ትዕይንቱን የሚያድነው ቦሱ ነው። ቦሱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይመክታል፤ ደግሞ ልክ በሰዓቱ ደረቱን ክፍት ትቶ ይወድቃል። እኔም ጎበዙን ተማሪ ሁልጊዜ ቦስ አደርገዋለሁ። ያኮርፋል፣ ግን አደርገዋለሁ። አንዴ መድረክ ላይ ጀግናው ልጅ አንድ ምት ዘሎ ቀጣዩን ሰነዘረ። ቦሱ ቀድሞት መከተ። ተመልካቹ ለማን አጨበጨበ? ለጀግናው! ስለዚህ ከአሁን በኋላ ስታዩ የአክተሩን ፊት ተዉትና የቦሱን እግር ተመልከቱ።

ሌሎችም የምሰማቸው ወሬዎች አሉ። «እዚያው እየፈጠሩ ነው የሚፋለሙት።» በፍጹም። እያንዳንዱ ምት በቃል ተጠንቶ፣ መጀመሪያ በዝግታ ተለማምዶ ነው።

«ቀስቱ ሁሉ የካሜራ ዘዴ ነው።» በዚያው በሮቢን ሁድ ፊልም ሃዋርድ ሂል የተባለ ቀስተኛ ስታንትማኖቹ (አደገኛውን ትዕይንት የሚሠሩት) ላይ እውነተኛ ቀስት ይተኩስ ነበር። እነሱም ከልብሳቸው ሥር ብረትና እንጨት ያደርጉ ነበር፤ ክፍያው በአንድ ቀስት 150 ዶላር።

«ጎራዴው የውሸት ነው፣ አይጎዳም።» ስለት ባይኖረውም ብረት ነው እኮ! እንግሊዛዊው ስታንትማን ቦብ አንደርሰን በ1950ዎቹ ፍሊንን ሳያስበው ጭኑን ወግቶታል።

«ስታንትማን ዘሎ የሚወድቅ ጉልበተኛ ነው እንጂ ተዋናይ አይደለም» ለምትሉኝ ደግሞ ያው አንደርሰን ይበቃችኋል። በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ለብሪታንያ በሳብር (በአንዱ የፌንሲንግ ጎራዴ ዓይነት) ተወዳድሯል። በ1980 እና በ1983ቱ የስታር ዋርስ ፊልሞች ያ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀው ዳርት ቬደር ሲፋለም የምታዩት እሱን ነው። ድምፁ የጄምስ አርል ጆንስ፣ ቁመናው በአብዛኛው የዴቪድ ፕራውስ፣ ሰይፉ የአንደርሰን። ተመልካቹ ይህን ያወቀው ተቀናቃኙን የተጫወተው ማርክ ሃሚል በ1983 ለመጽሔት ሲናገር ነው።