የተመስጦ ሱባኤና የልብ መታደስ

በዳርማ፣ ማለትም በቡድሃ ትምህርት፣ መንገድ አብራችሁኝ የምትጓዙ ወንድሞችና እኅቶች፣

ከሥራ፣ ከስልክና ከወሬ ተለይተን ወደ ተመስጦ ሱባኤ ስንገባ ብዙዎቻችን የምንሻው ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት መሻትም ነውር የለበትም። ሆኖም ሱባኤ ለደከመ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ቡድሃ ፍጹም ንቃትን ካገኙ በኋላ እንኳ በኢቻናንጋላ ደን፣ ምግብ ከሚያመጣላቸው አንድ ሰው በቀር ማንም እንዳይቀርባቸው አዘው ሦስት ወር በብቸኝነት ተቀምጠዋል፤ ሲወጡም ጊዜውን በአብዛኛው ያሳለፉት ትንፋሽን በንቃት በመከታተል እንደነበር ለደቀ መዛሙርታቸው ነግረዋቸዋል።

ዘወትር የሚያዋክበን ነገር ሲቀነስ፣ ምኞትና ቁጣ ከውስጣችን እንዴት እንደሚነሡ፣ ጥቂት ቆይተውም እንዴት እንደሚያልፉ ለማየት እንችላለን። ጉልበታችን እያመመን ስንቀመጥ የሚመጣው ብስጭት ያስቀየመን ሰው በሌለበት የመጣ ነውና በማንም ላይ ልናላክከው አይቻለንም። መታደስ የሚጀምረው እዚህ ላይ እንደሆነ አምናለሁ።

ስለ ዝምታ ግን በጥንቃቄ ልናስብ ይገባናል። በመነኮሳት ሥርዓት መጽሐፍ፣ በቪናያ፣ እንደተጻፈው በኮሳላ አገር የነበሩ መነኮሳት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገደማ የሚዘልቀውን የቫሳን የዝናብ ወራት ያለ ጠብ ለማሳለፍ ብለው ፈጽሞ ላለመነጋገር ተስማሙ። ከምጽዋት ቀድሞ የተመለሰው መቀመጫ ያዘጋጅ፣ ውኃም ያቀርብ ነበር፤ እርዳታ ሲያሻው ጓደኛውን በእጁ ምልክት ይጠራ ነበር። ወራቱ ሲፈጸም ቡድሃ ወዳሉበት ወደ ሳቫቲ ከተማ ሄደው በሰላም መክረማቸውን ሲናገሩ፣ ቡድሃ አኗኗራቸው እንደ እንስሳት አብሮ መዋል ነው ብለው ገሠጿቸው። በዚያው ምክንያት የፓቫራናን ሥርዓት ሠሩ፤ በቫሳ ፍጻሜ እያንዳንዱ መነኩሴ በጉባኤው ፊት ዝቅ ብሎ፣ ያዩበት፣ የሰሙበት ወይም የጠረጠሩበት ጥፋት ካለ ስለ ርኅራኄ እንዲነግሩት ይለምናል፤ ጥፋቱን ሲያየውም እንደሚያርመው ይናገራል።

የቡድሃ ደቀ መዝሙር አኑሩዳና ባልንጀሮቹ በጎሲንጋ ጫካ ይህንኑ የሚመስል ጸጥታ ጠብቀው ሳለ የተመሰገኑት ለምን ይሆን? በየአምስተኛው ሌሊት እስኪነጋ ተቀምጠው ስለ ዳርማ ይነጋገሩ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱን ፈቃድ ትቶ የባልንጀሮቹን ይከተል ነበር። በእኔ አስተያየት የሱባኤ ፍሬ የሚለየው በዚህ ነው።

በበርማው የተመስጦ መምህር በኡ ባ ኪንና በደቀ መዝሙሩ በጎኤንካ ትምህርት መሠረት በሚካሄደው የ10 ቀን የቪፓሳና፣ ነገሮችን እንዳሉ የማየት ተመስጦ፣ ሱባኤም ዝምታው የሚነሣው በመጨረሻ፣ ለፍጡራን ሁሉ በጎን የመመኘት ልምምድ፣ ሜታ፣ በሚሰጥበት በ10ኛው ቀን ነው። ያን ቀን እንደ መሰነባበቻ ብቻ አትቁጠሩት። ወደ ቤታችሁም ስትመለሱ፣ ስላያችሁት ነገር ከመተረካችሁ በፊት፣ ከቤተ ሰባችሁ አንዱን ያንኑ የፓቫራናን ጥያቄ ጠይቁት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙት።