ነጸብራቅ ምንድን ነው?

«ነጸብራቁ አንሷል፤ ነጭ ነጥብ ጨምርበትና ብረት ይመስላል።» የብረት ማንቆርቆሪያ በእርሳስ ለሚስል ጀማሪ ይህ ምክር ሲሰጥ ስንት ጊዜ ሰማሁ። ትናንትም ሰማሁት፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነጩ ነጥብ የነጸብራቅ አንዲት ቁራጭ ናት፤ መስኮቱ ወይም አምፖሉ የታየባት ቦታ። ነጸብራቅ ግን የማንቆርቆሪያው ገጽ በሙሉ ነው። ጠረጴዛው፣ ግድግዳው፣ የሠዓሊው ጥቁር ሹራብ ሳይቀር እዚያ ላይ አለ። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ኤሸር በ1935 እ.ኤ.አ. በእጁ የያዛትን የመስታወት ኳስ ሲስል፣ ኳሷ ላይ ያስቀመጠው ራሱንና ክፍሉን ነው።

ብረትን እንደ ገደል ማሚቶ እዩት። የራሱ ድምፅ የለውም፤ የጮኻችሁትን ይመልሳል። ዝም ካላችሁ ዝም ይላል፤ ማንቆርቆሪያውን ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ ብትጋርዱት ብረትነቱ ይጠፋል። የገደሉ ቅርፅም ድምፁን ይለውጠዋል፤ የማንቆርቆሪያው ሆድ መስኮቱን ያጎብጠዋል፣ ክፍሉን ያሳንሰዋል። ያልተወለወለ የሸክላ ጀበና ግን ብርሃኑን ይበትነዋል። ስለዚህ ጀበና ላይ ብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው ቀስ እያለ ነው። ብረት ላይ ከነጩ አጠገብ ድንገት ጥቁር ይመጣል፤ ድንበሩ ስለት ነው። ጀማሪው ይህን ድንበር በጣቱ ያሸዋል። ብረቱ ሸክላ የሚሆነው ያኔ ነው!

«ጨምር» የሚለው ቃልም ያናድደኛል። በእርሳስ ብርሃን አይጨመርም። ከወረቀቱ የነጣ ነገር የላችሁም። ነጩን ትተዉታላችሁ፤ እንዲያበራ ደግሞ አጠገቡን ታጠቁራላችሁ።

ስታጠቁሩ ግን 6ቢ የሚባለውን ለስላሳና ጥቁር እርሳስ ደጋግማችሁ አትጫኑ። ግራፋይቱ፣ ማለትም የእርሳሱ ጥቁር ማዕድን፣ ራሱ ያብለጨልጭና ጥቁራችሁ ግራጫ ይመስላል። ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት ላይ ደግሞ ስለት ድንበር አትፈልጉ፤ ጥቃቅን ጭረቱ ነጸብራቁን ያደበዝዘዋል። ስትስሉ ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ። የጀበናው ጥላ ባለበት ይቆያል፤ የብረት ነጸብራቅ ግን አብሯችሁ ይንቀሳቀሳል።

ካላመናችሁኝ የሚያብለጨልጭ ማንኪያ አንሱና ክንዳችሁን ዘርጉ። ጎድጓዳው ውስጥ መስኮቱ ተዘቅዝቆ ይታያል። ጀርባውን አዙሩት፤ ቀና ይላል። መሳል ያለባችሁ ያንን መስኮት ነው።