ወሰን መወሰንና ወሰን ማካለል፦ ከውጫሌ ውል 3ኛ አንቀጽ

እኛ ወሎዬዎች ውጫሌ ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለን 17ኛው አንቀጽ ስለሆነ፣ የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ የተደራደረበት የድንበር ጉዳይ ተሸፍኖ ይቀራል፤ «ውሉ ወሰኑን ከወሰነ ክርክሩ ለምን ቀጠለ?» የሚለው ጥያቄም ደጋግሞ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወሰን መወሰን ማለት መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ በጽሑፍ ወይም በካርታ መስማማት ሲሆን፣ ማካለል ግን ያንኑ መስመር በመሬት ላይ ምልክት እየተከሉ ማሳየት ነው። ለምሳሌ በአምባሰል ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ሽማግሌዎች «ከዋርካው እስከ ወንዙ» ቢሉ ወሰኑ ተወስኗል፤ የድንበሩ ድንጋይ እስኪተከል ድረስ ግን «ከዋርካው በየትኛው ጎን?» የሚል ጠብ አይጠፋም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 3ኛ አንቀጽም ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በጣሊያን በኩል አድርጎ መስመሩን ከዘረዘረ በኋላ፣ ቋሚ ምልክት የሚተክል፣ ሁለት የኢትዮጵያና ሁለት የጣሊያን መልእክተኞች ያሉበት ኮሚሽን እንዲቋቋም ይደነግጋል። በ1882 ዓ.ም. መባቻ ደጃዝማች መኮንን በጣሊያን አገር የፈረሙት ተጨማሪ ውል ግን በዚያን ጊዜ በእጅ የነበረውን ይዞታ መነሻ ስላደረገ፣ ጣሊያን እስከ መረብ ወንዝ ለመግፋት ሰበብ አገኘች (በእኔ አስተያየት ይህ ሐረግ ከ17ኛው አንቀጽ ያነሰ ትኩረት ያገኘው ያለ አግባብ ነው)።

የሁለቱ ደረጃዎች ልዩነት እርግጥ ነው፤ ከጸሐፊ ጸሐፊ የሚለያየው አጠራሩ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ «ማካለል»ን ለሁለቱም ይጠቀምበታልና ምልክት ስለ መትከል መናገሩን ወይም አለመናገሩን ማስተዋል ያስፈልጋል።