«ቀጥ በል» ሲባል የማይቃና አቋም፦ ስለ ሰውነት አያያዝና እንቅስቃሴ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓይኑን ጨፍኖ የአፍንጫውን ጫፍ በጣቱ የሚነካ ሰው፣ እጁ የት እንዳለ ሳያይ ያውቃል። ይህን ዕውቀት የሚያቀብሉት በጡንቻዎች፣ በጅማቶችና በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ሆነው የጡንቻን መለጠጥና መወጠር ያለማቋረጥ ለአንጎል የሚያሳውቁ የስሜት ነርቮች ናቸው፤ እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ለዚህ ስሜት ፕሮፕሪዮሴፕሽን የሚል ስም ሰጥቶታል። ከውስጠኛው ጆሮ የሚመጣው የሚዛን መረጃና ከውስጥ እግር የሚመጣው የግፊት ስሜት ሲታከሉበት፣ ሰው ስለ ራሱ አካል ያለው ግንዛቤ ይሟላል። ይህ ግንዛቤ በልምምድ ይሳላል፤ በልማድ ደግሞ ይደነዝዛል፣ ይሳሳታልም። ስለ አቋም በብዛት የሚሰሙት ምክሮች ግን ሰውነት ሊይዘው ስለሚገባው ቅርጽ ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

«ጥሩ አቋም ማለት ደረትን ነፍቶ፣ ትከሻን ወደ ኋላ ስቦ፣ ቀጥ ማለት ነው»

የአከርካሪ አጥንት ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ አይደለም። በአንገት በኩል ወደ ፊት፣ በደረት በኩል ወደ ኋላ፣ በወገብ በኩል እንደገና ወደ ፊት ይጎብጣል፤ ሸክምን የሚያለዝበውና የሰውነትን ክብደት የሚያከፋፍለውም ይኸው ተፈጥሯዊ ጉብጠት ነው። ደረቱን በኃይል የሚገፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ወገቡን ከልክ በላይ ማጉበጥ፣ የጎድን አጥንቶቹን ማንሳትና ትንፋሹን መያዝ ነው። ይህን አቋም ለጥቂት ደቂቃዎች ጠብቆ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ሲሄድ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ይህም የሚሆነው ስንፍና ስላለበት ሳይሆን፣ በጡንቻ ጥረት ብቻ የተያዘ ነገር ጥረቱ ሲቆም የሚለቅ ስለሆነ ነው።

በተጨማሪም ቆሞ የሚገኝ ሰው በፍጹም የማይንቀሳቀስ አይደለም። እግርዎን ገጥመው፣ አደጋ እንዳይደርስብዎ በግድግዳ አጠገብ ሆነው ዓይንዎን ቢጨፍኑ፣ ክብደትዎ ከተረከዝ ወደ ጣቶች፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ሲመላለስና የባት ጡንቻዎችዎ ያለ እርስዎ ትእዛዝ ሲያስተካክሉት ይሰማዎታል። አቋም እንግዲህ በየቅጽበቱ የሚታደስ ሚዛን ነው። የወገብ ሕመምን በእርግጠኝነት የሚከላከል አንድ የተለየ አቀማመጥ መኖሩንም ጥናቶች አላረጋገጡም፤ ስለዚህ ለረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው «ትክክለኛውን» አቀማመጥ ከመፈለግ ይልቅ አቀማመጡን ቶሎ ቶሎ ቢለዋውጥና እየተነሳ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል።

«ትክክል መሆኑ ከተሰማኝ ትክክል ነው»

በእኔ እምነት ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህን አመለካከት ማረም ነው። የነርቭ ሥርዓት ዘወትር የሚደጋገምን ነገር እንደ መነሻ ይቆጥረዋል፤ ለዓመታት ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የኖረ ሰው መዘንበሉ አይሰማውም፤ ሌላ ሰው ሲያቃናው ግን የጠመመ ይመስለዋል።

ይህን በግልጽ ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1869 በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ደሴት የተወለደው ተዋናይ ፍሬድሪክ ማታያስ አሌክሳንደር ነው። በመድረክ ላይ በቃሉ ሲያነበንብ ድምፁ እየሻከረ ይጠፋበት ነበር፤ ዕረፍት ሲያደርግ ይመለስለታል፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ችግሩ ያገረሻል። በመስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲመረምር፣ መናገር ሲጀምር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ እንደሚስብ፣ ማንቁርቱን ወደ ታች እንደሚጫንና አየሩን በአፉ በኃይል እንደሚስብ ተመለከተ። ይበልጥ ያስደነገጠው ግን ቀጥሎ ያየው ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ፊት እንዳደረገ በእርግጠኝነት ሲሰማው፣ መስታወቱ ወደ ኋላ መሳቡን ያሳየው ነበር። ስሜቱ ሊታመን የማይችል መሆኑን የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ያገኘው መፍትሔም አዲስ ቅርጽ መያዝ አልነበረም፤ የመናገር ፍላጎት ሲመጣ ወዲያው ሳይታዘዝለት ቆም ማለትንና የለመደውን መወጠር መተውን ነው የተለማመደው።

ይህን በራስዎ ላይ መመልከት ይችላሉ። ወንበር ላይ ወደ ፊት ቀረብ ብለው ይቀመጡና አንድ እጅዎን ሳይጫኑ ማጅራትዎ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ይነሱ። በብዙ ሰዎች ላይ መቀመጫቸው ወንበሩን ከመልቀቁ በፊት የማጅራታቸው ጡንቻ ከእጃቸው ሥር ይጠነክራል፣ አገጫቸውም ወደ ላይ ይነሳል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ይህን ክብደት በየመነሳቱና በየመቀመጡ ወደ ኋላ መሳብ ቀላል ነገር አይደለም። ቀጥሎ ለመነሳት ያስቡ፣ ግን አይነሱ፤ ሐሳቡ ብቻ አንገትዎን እንደሚያጠነክረው ሊሰማዎት ይችላል። አንገቱ እስኪላላ ድረስ ጠብቀው፣ ጭንቅላትዎ ከዳሌ ወደ ፊት ከሚያዘነብለው ገላዎ ጋር አብሮ እንዲሄድ ትተው ይነሱ። የመጀመሪያው ሙከራ እንግዳ ሆኖ፣ ምናልባትም የሚወድቁ መስሎ ይሰማዎታል፤ ይህ እንግዳነት አዲሱ አነሳስ ስህተት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

«መገጣጠሚያዎቼ የት እንዳሉ አውቃለሁ»

ጭን ከዳሌ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ ብዙ ሰዎች እጃቸውን ከወገብ በታች በጎን በኩል ብቅ ያለው አጥንት ላይ ያሳርፋሉ። መገጣጠሚያው ያለው ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከብሽሽት እጥፋት ጀርባ በጥልቀት ነው። ሰው የሚታጠፈው መታጠፊያዬ ነው ብሎ ከሚያስበው ቦታ ስለሆነ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ዕቃ ለማንሳት ሲያጎነብስ ወገቡን ያጥፋል፣ ዳሌው ግን ሥራ ይፈታል። የጭንቅላትና የአንገት መገናኛም እንዲሁ ከሚገመተው በላይ ከፍ ያለ ነው፤ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ይገኛል። ሁለት ጣቶችን ብሽሽት እጥፋት ውስጥ አስገብቶ በዝግታ ማጎንበስና እጥፋቱ ጣቶቹን ሲጨብጣቸው መከታተል፣ ከብዙ ቃል ይልቅ ቦታውን ያሳውቃል።

«ብዙ የጣረ ብዙ ያገኛል»

ጉልበት ለመገንባት ሲባል ሸክም መጨመሩ ተገቢ ነው፤ የስሜት ጥራት ግን የሚያድገው በተቃራኒው መንገድ ነው። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤርንስት ቬበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ሰው የሚለየው ጭማሪ ቀድሞ ከያዘው ክብደት መጠን ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀላል ነገር የያዘ እጅ ትንሽ ጭማሪን ያውቃል፣ ከባድ ነገር የያዘ ግን ያንኑ ጭማሪ አይለየውም። የፊዚክስ ሊቅና የጁዶ አሠልጣኝ የነበረው ሞሼ ፌልደንክራይስ ጉልበቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴን ሲያጠና፣ ትምህርቶቹን በዚሁ መርህ ላይ መሥርቷል፤ ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወለል ላይ ተኝተው፣ በትንሹ፣ በዝግታና እያረፉ እንዲንቀሳቀሱ ያደርግ ነበር። ጥርሱን ነክሶ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚሰማው ጥረቱን ብቻ ነው።

ሕመምን ችሎ መቀጠልም የዚሁ ስህተት ሌላ ገጽታ ነው። የሚወጋ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ሲያጋጥም ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

«በትክክል መተንፈስ ሆድን መንፋት ነው»

አየር የሚገባው ሳምባ ውስጥ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም። ከሳምባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ በመጠኑ ወደ ፊት ይገፋል፣ የጎድን አጥንቶችም ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይሰፋሉ። ሆዱን ሆን ብሎ የሚገፋም ሆነ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ያውካል።

«ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ትምህርት አያስፈልገውም፣ ካለፈም አይመለስም»

ሕፃን መገልበጥን፣ መዳህን፣ መቀመጥንና መቆምን የሚያገኘው በብዙ ወራት ሙከራ ነው፤ አንዱን አካሄድ ብቻ አይደጋግምም፣ በየጊዜው እየለዋወጠ ይሞክራል። አዋቂ ሰው ከወለል ተነስቶ መቆም፣ ቁጢጥ ማለት ወይም ዞሮ ወደ ኋላ መመልከት የሚከብደው በአብዛኛው እነዚህን እንቅስቃሴዎች ስለተዋቸው ነው። አንጎል በእርጅናም ቢሆን ይማራል፤ የሚዛንና የጉልበት ልምምድ በአረጋውያን ላይ የሚደርሰውን መውደቅ እንደሚቀንስ በሚገባ ተረጋግጧል። የተለማመዱት እንቅስቃሴ በእንቅልፍ ጊዜም በአንጎል ውስጥ ስለሚጸና፣ በየቀኑ የሚደረግ አጭር ልምምድ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ረጅም ልምምድ ይልቅ ይመረጣል።

ለውጡ የሚመጣበት ቅደም ተከተልም አስቀድሞ ቢታወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። በመጀመሪያ ሰው አንገቱን ማጠንከሩን የሚያስታውሰው ከወንበሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ ብዙዎች ልምምዱን የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ በመነሳት ላይ ሳለ ይደርስበታል፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ገና ለመነሳት ሲያስብ መወጠሩ ሲጀምር ይሰማዋል፣ ያን ጊዜም ሊተወው ይችላል።