ሐሪማ ምንድን ነው?

ሐሪማ ወሎ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሸኽ ግቢ ነው። መስጊዱ፣ ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) የሚቀራበት፣ ማለትም የሚጠናበት ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ የደረሶቹ ጎጆዎች፣ ብዙ ጊዜም የመሥራቹ መቃብር እዚያው ነው። ስማቸው ከገነነው መካከል ጃማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳናና ሾንኬ ይገኛሉ። ጃማ ንጉሥን የተከሉት ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ ጌታን ሐጂ ቡሽራ፣ ዳናን ደግሞ ሸኽ አሕመድ ኢብን አደም ናቸው።

ደረሳ የሚባለው ተማሪው ነው። የቆሎ ተማሪን ሕይወት የሚያውቅ ሰው የደረሳን ለመረዳት አይቸገርም። ከቤቱ ርቆ ይሄዳል፣ ጎጆ ቀልሶ ያድራል፣ የአካባቢው ሰው ያበላዋል። ክፍል የለም፣ የትምህርት ዘመን የለም። ሕፃኑ በቁርኣን ይጀምራል። አንቀጹ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ይጻፍለታል። በቃሉ ሲይዘው ሰሌዳው ይታጠብና ቀጣዩ ይጻፋል።

ከቁርኣን በኋላ ኪታብ ይመጣል። በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ፣ የሻፊዒዩን መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መስመር) የሚከተል ሰፊና ከሚባለው ኪታብ ተነሥቶ በአቡ ሹጃዕ በኩል እስከ ሚንሃጅ ይዘልቃል። በነሕው፣ ማለትም በዐረብኛ ሰዋስው፣ መጀመሪያው ኪታብ አጅሩሚያ ነው፤ የጠና ደግሞ አልፊያ ይገባል። ደረሳው ማታ ሙጣለዓ ያደርጋል፤ የነገውን ትምህርት ቀድሞ ያያል ማለት ነው። ጠዋት ሸኹ ፊት ተቀምጦ ዐረብኛውን ያነባል፣ እሳቸው በአማርኛ ይፈቱለታል። አጠገቡ ሌላ ኪታብ የያዘ ተራውን ይጠብቃል። የበሰለው ለጀማሪው ያስቀራል፤ ባይሆንማ አንድ ሸኽ ያን ሁሉ ሰው ከየት ያዳርሱታል?

አንዱ ሸኽ በነሕው፣ ሌላው በፊቅህ ወይም በተፍሲር (በቁርኣን ትርጓሜ) ይታወቃል። ስለዚህ ደረሳ ከሐሪማ ወደ ሐሪማ ይዞራል። «ማን ዘንድ ቀራህ?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል።

ሸኹ አስተምረው ደሞዝ አይቀበሉም። ገበሬው እህል ያመጣል፣ ጎረቤቱ ለደረሳ ምግብ ያዋጣል። በምላሹ ሕዝቡ ዱዓ (ጸሎትና ምርቃት) ያገኛል፣ ልጁን ያስቀራል፣ ጋብቻና ውርስ ሲቸግረው ይጠይቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እርቅ ይመስለኛል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሸኹ ፊት ይቀርባሉ፤ ፍርድ ቤት የጀመረውን ክርክር ይዞ የሚመጣም አለ። ክርስቲያኑም ስለት ያስገባል፣ ሽምግልና ይጠይቃል። ወሎ ውስጥ አንዱ ቤተሰብ ሁለቱንም ሃይማኖት መያዙ ብርቅ ስላልሆነ ይህ ማንንም አያስገርምም።

ሐሪማ ግን ሁሌ ሰላም አላገኘም። በ1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዙ ተሰደው የሄዱ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ነበሩ። ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር ደግሞ ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ ናቸው። እኚሁ ሰው አማርኛ መንዙማ (የሃይማኖት ግጥምና ዜማ) በዐረብ ፊደል የጻፉ ገጣሚም ነበሩ። መንዙማን ከጫት መቃም ጋር ብቻ የሚያያይዘው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ሃይማኖቱን በዜማ ያስተማረው መንዙማ ነው።

ዛሬ ፉክክሩ ከመድረሳ (በክፍል ከሚያስተምረው የእስልምና ትምህርት ቤት) እና ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር ነው። መድረሳ ክፍል አለው፣ ፈተና አለው፣ ወላጅ ልጁ የት እንደደረሰ ያያል። መውሊድና የቀብር ዝየራን (የሸኾችን መቃብር መጎብኘትን) የማይቀበሉ ሙስሊሞችም ሐሪማውን ይተቻሉ። ክርክሩ የቆየ ነው፤ እዚህ አንፈታውም። ሆኖም ለአንድ ተማሪ አንድ ኪታብ፣ በራሱ ፍጥነት የሚለው አሠራር መናቅ ያለበት አይመስለኝም።

ጃማ ንጉሥን ማየት የሚፈልግ ብዙ ሰው የሚሄደው ለመውሊድ ነው። ድቤው፣ መንዙማው፣ ከየአገሩ የሚጎርፈው ሕዝብ ያኔ ነው። ትምህርቱን ማየት ለሚፈልግ ግን የአዘቦት ቀን ይሻላል፣ ያውም በጠዋቱ።