ጆርናል ፋይል ምንድን ነው? ፍላሽ ድንገት ሲነቀል ዳታቤዝ የሚድንበት መንገድ

ጆርናል ፋይል ማለት አንድ ዳታቤዝ (በኮምፒውተር የሚያዝ የተደራጀ መዝገብ) ይዘቱን ከመለወጡ በፊት፣ ሊለወጥ የተዘጋጀውን ክፍል በነበረበት መልኩ ገልብጦ የሚያስቀምጥበት ጊዜያዊ ፋይል ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ፋይሉ ይጠፋል፤ ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠ ግን እዚያው ይቀራል፣ ዳታቤዙም በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ወደ ትክክለኛው ሁኔታው የሚመለሰው በእርሱ ነው። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ለፕሮግራም ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ጎንደር ፒያሳ ላይ የመድኃኒት መደብር ያለው ሰው የሽያጭና የክምችት መዝገቡን በፍላሽ ላይ አድርጎ፣ ቀን መደብሩ ውስጥ ሲሠራበት ውሎ ማታ አዘዞ ወደሚገኘው ቤቱ ይዞት ሊገባ ይችላል። ያ ፍላሽ እየተጻፈበት ሳለ ለመነቀል አንድ የችኮላ እጅ ይበቃዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው አንድ ሽያጭ ለሻጩ አንድ ተግባር ቢመስልም በፋይሉ ውስጥ ብዙ ቦታ የሚነካ በመሆኑ ነው። የሽያጩ መስመር ይጨመራል፣ የመድኃኒቱ ቀሪ ብዛት ይቀነሳል፣ ለፍለጋ የሚያገለግለው ማውጫም ይስተካከላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በሚይዙ አነስተኛ ፕሮግራሞች ውስጥ በብዛት የሚገኘውና ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ኤስኪውኤላይት የተባለ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ዳታቤዙን የሚጽፈው በገጽ በገጽ ከፍሎ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የአንዱ ገጽ የተለመደ መጠን 4,096 ባይት ነው። ፍላሹ ከአንደኛው ገጽ በኋላና ከሁለተኛው በፊት ከተነቀለ ሽያጩ ተመዝግቦ ክምችቱ ሳይቀነስ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያም የከፋው ማውጫው ራሱ ተዛብቶ ዳታቤዙ ጨርሶ የማይነበብበት ሁኔታ ነው።

ጆርናሉ ይህን የሚከላከለው በቅደም ተከተል ነው። ጠንቃቃ መዝገብ ያዥ የነበረውን ቁጥር በሌላ ወረቀት ሳይገለብጥ እንደማይሰርዝ ሁሉ፣ ኤስኪውኤላይትም በመጀመሪያ አሮጌዎቹን ገጾች ወደ ጆርናሉ ይገለብጣል፤ ግልባጩ ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ወጥቶ በእርግጥ ፍላሹ ላይ እስኪሰፍር ይጠብቃል፤ ከዚህ በኋላ ብቻ ዋናውን ፋይል ይነካል፤ ያም መስፈሩ ሲረጋገጥ ጆርናሉን ያጠፋዋል። ሽያጩ ጸና የሚባለው ጆርናሉ በጠፋበት ቅጽበት ነው። ፍላሹ ከዚያ በፊት ከተነቀለ ዳታቤዙ ዳግም ሲከፈት አሮጌዎቹ ገጾች ይመለሳሉ፣ ሽያጩም እንዳልተጀመረ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ከተነቀለ ደግሞ ሽያጩ ሙሉ ነው። ሻጩ አንድ ሽያጭ ደግሞ ማስገባት ሊኖርበት ይችላል፣ ግማሽ ሽያጭ ግን አይገጥመውም።

በኤስኪውኤላይት ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጨመረ ሌላ ስልትም አለ። በእርሱ አዲሱ ይዘት ከጎን ባለ ፋይል ይጻፍና አሮጌው በዋናው ፋይል ይቆያል፤ ከጎን ያለው ወደ 1,000 ገጽ ሲደርስ ወደ ዋናው ይገለበጣል። ስለዚህ በዚህ ስልት ከጎን ያለው ፋይል ጸንተው ያለቁ ሽያጮችን ጭምር የያዘ ሊሆን ይችላል።

ከመንቀሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከነቀሉ በኋላ የሚደረገው ነው። ባለቤቱ ፍላሹን ቤቱ ሲከፍት ከዳታቤዙ አጠገብ፣ በዚያው ስም ላይ «ጆርናል» የሚል ቃል የተጨመረበት እርሱ ያልፈጠረው ፋይል ያያል። በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ብዙ ሰው ያስመረረ በመሆኑ፣ ያልታወቀ ፋይል ሲታይ መሰረዝ እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ግን የሚሰረዘው ብቸኛው መዳኛ ነው። ዋናውን ፋይል ብቻ ኮፒ አድርጎ ጆርናሉን መተውም፣ የአንዱን ስም ለውጦ የሌላውን መተውም ያው ጉዳት አለው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ይህን ለደንበኛው በአማርኛ ጽፎ ሊሰጠው ይገባል።

ጆርናሉ የማይረዳበት ሁኔታም አለ። ፍላሽ ላይ መጻፍ አዝጋሚ ስለሆነ አንዳንድ ፕሮግራም ሠሪዎች ለፍጥነት ሲሉ «እስኪሰፍር ጠብቅ» የሚለውን ትእዛዝ ያጠፉታል፤ ይህ ከተደረገ ቅደም ተከተሉ ስለማይረጋገጥ ጆርናሉ ዋጋ ያጣል። ፍላሹ ራሱም መረጃን የሚያጠፋውና መልሶ የሚጽፈው በትልልቅ ክፍሎች በመሆኑ፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ መሐል ሲቋረጥ በአጠገቡ ያለ ያልተነካ መረጃ ሊጎዳ ይችላል። ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 1809 እትም ጀምሮ ፍላሽን ለፈጣን መንቀል አዘጋጅቶ ይይዛል፤ ይህ በማኅደረ ትውስታ የሚዘገየውን ጽሑፍ ይቀንሳል እንጂ የተጀመረን ሥራ አያስጨርስም።

የቀረው ኃላፊነት የፕሮግራሙ ነው። ተጠቃሚው ፍላሹን በደኅና ለማውጣት ሲጠይቅ ዊንዶውስ ለፕሮግራሙ አስቀድሞ ሊያሳውቀው ስለሚችል ዳታቤዙን ለመዝጋት ጊዜ ይኖራል፤ በድንገት ሲነቀል ግን ወሬው የሚደርሰው ፍላሹ ከሄደ በኋላ ነው። ኤስኪውኤላይት ቁጥር 10 ስሕተት፣ ማለትም የማንበብና የመጻፍ ስሕተት ሲመልስ፣ ፕሮግራሙ «ተመዝግቧል» ማለት የለበትም፤ ሻጩ የሞላውን ቅጽ ከነይዘቱ ስክሪኑ ላይ ማቆየትና ከዳታቤዙ ጋር የነበረውን ግንኙነት መዝጋት አለበት። ፍላሹ በዚያው ቀዳዳ ቢመለስ እንኳ አሮጌው ግንኙነት ሞቷል። የድራይቩ ፊደልም ከ«ኢ» ወደ «ኤፍ» ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዳታቤዙን በፊደል ሳይሆን በውስጡ በተቀመጠ መለያ ቁጥር መፈለግ ይሻላል። ከዚያ እንደ አዲስ ተከፍቶ፣ ጆርናሉ ሥራውን ጨርሶ፣ ይዘቱ ተፈትሾ ሽያጩ ይደገማል።

ከተቻለ ግን ዋናው ዳታቤዝ በኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ፍላሹ ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ይዋል፤ ጆርናሉ መብራት በድንገት ሲጠፋም በዚያው መንገድ ይሠራል። ቅጂው መዘጋጀት ያለበት ክፍት የሆነውን ፋይል ጎትቶ በመጣል ሳይሆን በዳታቤዙ በራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙም «ፍላሹን ማውጣት ይቻላል» የሚለውን መልእክት የሚያሳየው ቅጂውን ከፍቶ ከፈተሸና መልሶ ከዘጋው በኋላ ይሁን።